ሪሊዝ አልጠፋም፣ ፋይሉን የያዘ አለ፦ ስለ ከርነል ሞጁል ጽዳት ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ እንቅልፍ ነሳኝ። የሚያወራው ስለ ሊኑክስ ከርነል ሞጁል ነው፤ ማለትም በስርዓተ ክወናው እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ስለሚጫን ተጨማሪ ኮድ፣ ለምሳሌ ስለ መሣሪያ ድራይቨር። ተጠቃሚው የከፈተው ፕሮግራም ሲዘጋ፣ ክራሽ ሲያደርግ ወይም ሲገደል፣ ሞጁሉ ለእሱ ብሎ የያዘውን ሜሞሪ፣ ታይመር፣ ሎክ ማን ይመልሰው? ጥያቄው ጥሩ ነው። ድራይቨር ጽፎ በዚህ ያልተፈተነ ሰው አላውቅም። ያስቸገሩኝ መልሶቹ ናቸው። አብዛኞቹ ልክ የሚመስሉ ስህተቶች ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ደግሞ ክፉ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ይሠራል፣ ሥራ ላይ ውሎ ሳምንት ሲሞላው ማሽኑን ይዞ ይወድቃል።

ጽሑፉን ላላነበበ ነጥቦቹን ባጭሩ ልበላቸው። ፕሮሰስ ሲሞት ከርነሉ ሁሉን ስለሚያጸዳ አትጨነቁ ይላል፣ አንድ። የተረፈ ካለ ሞጁሉ ሲነቀል በሚሮጠው የመውጫ ፋንክሽን ይጠረግ፣ ሁለት። ፕሮግራሙ ሲግናል (ከርነሉ የሚያደርስለትን «ቁም» ዓይነት መልእክት) ይያዝና ከመሞቱ በፊት በአይኦክትል፣ ፕሮግራም ለድራይቨር ትእዛዝ በሚልክበት ጥሪ፣ «ልሄድ ነው» ብሎ ይሰናበት፣ ሦስት። እሱ ካልተመቸ ሞጁሉ የፕሮግራሙን ፒአይዲ (የፕሮሰስ መለያ ቁጥር) መዝግቦ በታይመር እየዞረ «አለህ?» ይበል፣ አራት። ሪሊዝ፣ ማለትም የተከፈተው የመሣሪያ ፋይል ሲለቀቅ ከርነሉ የሚጠራው የሞጁሉ ፋንክሽን፣ አንዳንዴ ስለማይጠራ አይታመንም፣ ክሎዝ ሲባል በሚጠራው በፍላሽ ተኩት፣ አምስት። የያዙትን በራሳቸው የሚለቁትን፣ ዴቭኤም የሚባሉትን ፋንክሽኖች ከተጠቀማችሁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገላላችሁ፣ ስድስት።

በተራ ልሂድባቸው። አምስተኛው ላይ ግን ቆየት እላለሁ፤ ቋጠሮው እዚያ ነው።

«ከርነሉ ሁሉን ያጸዳል»

ግማሹ እውነት ነው። ፕሮሰስ በሰላምም ይሙት ተገድሎ፣ ዱ ኤግዚት በሚባል የከርነል ፋንክሽን ውስጥ ያልፋል። እዚያ የአድራሻ ቦታው ይፈርሳል፣ የከፈታቸው ፋይሎች ይዘጋሉ፣ ሌላም ሌላም። ግን የሚጸዳው ከርነሉ «ይሄ የእገሌ ነው» ብሎ የመዘገበው ብቻ ነው። ሞጁላችሁ በኬማሎክ (በከርነሉ ሜሞሪ መጠየቂያ) የወሰደው ሜሞሪ በማንም ፕሮሰስ ስም አልተጻፈም። የሞጁሉ ነው፣ በቃ። የጠየቀው አይኦክትል ከየትኛው ፕሮግራም እንደመጣ ሜሞሪ አዳዩ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ጂኤፍፒ ከርነል አካውንት በሚለው ምልክት ብትወስዱት እንኳ ሒሳቡ ሲግሩፑ (ፕሮሰሱ ያለበት ቡድን) ላይ ይጻፋል እንጂ ፕሮሰሱ ሲሞት ማንም አይለቅላችሁም። ፕሮግራሙ መቶ ጊዜ ተነሥቶ መቶ ጊዜ ቢሞት መቶ ባፈር ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ማሽኑ ሪቡት እስኪደረግ ድረስ።

ሜሞሪ ብቻ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። የተጠቃሚውን የሜሞሪ ገጾች በፒን ዩዘር ፔጅስ ቆልፋችሁ ሳትፈቱ ከቀራችሁ፣ ፕሮሰሱ ሞቶ ተቀብሮ ገጾቹ ወደ ሲስተሙ አይመለሱም። ሃርድዌሩ በዲኤምኤ፣ ማለትም በሲፒዩው ሳያልፍ በቀጥታ ሜሞሪው ላይ፣ እየጻፈ ከነበረ ደግሞ ባለቤቱ መሞቱን ማን ነገረው? ይጽፋል። ታይመሩም ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል።

«የመውጫው ፋንክሽን ይጥረገው»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። የሞጁሉ መውጫ የሚሮጠው ሞጁሉ በአርኤምሞድ ሲነቀል ነው። ሰርቨር ላይ አንድ ሞጁል አንዴ ከተጫነ ወራት ይቀመጣል። ኮዱ ሞጁል መሆኑ ቀርቶ ከርነሉ ውስጥ አብሮ ከተገነባማ መውጫው ጭራሽ አይሮጥም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላዩት አንድ ነገር አለ። ሞጁሉ ፋንክሽኖቹን ለከርነሉ በሚያስመዘግብበት ፋይል ኦፕሬሽንስ ስትራክቸር ላይ ኦውነር የሚለውን ቦታ በትክክል ከሞላችሁት፣ መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር የሞጁሉ ቆጠራ ይጨምራል፤ የተከፈተ ፋይል እስካለ ድረስ አርኤምሞድ «ሞጁሉ ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። ስለዚህ መውጫው ሲሮጥ በሕይወት ያለ ደንበኛ የለም። የደንበኛን ዕቃ የማጽዳት ሥራ እዚያ ድረስ ከተረፈ ቀድሞ መሠራት የነበረበት ቦታ አልተሠራም ማለት ነው። የጸሐፊው የናሙና ኮድ ላይ ግን ኦውነር ባዶ ነው! ፋይሉ ተከፍቶ ሳለ ሞጁሉ ይነቀላል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲዘጋ ከርነሉ ወደሌለ ኮድ ይዘላል። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም።

«ፕሮግራሙ ሲግናል ይያዝ»

ሲግኪል፣ በግድ የሚገድለው ሲግናል፣ አይያዝም። ሜሞሪ ሲጠብ ፕሮሰስ መርጦ የሚገድለው የከርነሉ ኦኦኤም ኪለር ደግሞ የሚጠቀመው ይህንኑ ሲግኪልን ነው፤ ስለዚህ ጽዳቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው የስንብቱ አይኦክትል የማይላከው። በተበላሸ ፖይንተር የወደቀ ፕሮግራምም ቢሆን ሲግናሉን በሚይዘው ሃንድለሩ ውስጥ ምን ያህል በትክክል እንደሚያስብ እናንተው ፍረዱ። «ይሄን ባፈር ጨርሻለሁ» የሚል አይኦክትል መኖሩን አልቃወምም፤ ጨዋ ፕሮግራም ቶሎ እንዲመልስ ይረዳዋል። ከርነሉ ጤነኛ የሚሆነው ፕሮግራሙ ጨዋ ከሆነ ብቻ ነው ከተባለ ግን ሞጁሉ ገና አልተጻፈም።

«ፒአይዲ መዝግቡ»

ይቺ ሐሳብ በየጊዜው ትነሣለች፤ እኔም አንድ ሰሞን ወድጃት ነበር። ቀላል ትመስላለች፦ ሲከፍት ቁጥሩን ያዝ፣ በየሰከንዱ እይ፣ ከሌለ አጽዳ።

ችግሩ ቁጥሩ የማንም አለመሆኑ ነው። ከርነሉ በተለምዶ የሚነሣበት የፒአይዲ ጣሪያ 32768 ነው፤ በ64 ቢት ማሽን እስከ 4194304 ከፍ ማድረግ ይቻላል። ጣሪያው ሲደርስ ቆጠራው ዞሮ ይጀምርና የሞተው ቁጥር ለሌላ ይሰጣል። የእናንተ ታይመር ደግሞ ሌላውን ሰው አይቶ «አለ» ይላል። ኮንቴይነር ካለ ይባስ፤ እያንዳንዱ ኔምስፔስ (ኮንቴይነሩ የታጠረበት ቤት) የራሱ ቁጥር ስላለው ሁለት ፕሮሰስ በየቤታቸው ያው ሰባት ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ።

የጸሐፊው ኮድ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ከከረንት፣ ማለትም አሁን እየሮጠ ካለው ሥራ መዝገብ፣ ላይ የሚያነቡት ፒአይዲ የሚለውን ቦታ ነው። ከርነሉ ውስጥ ይሄ ቁጥር የትሬዱ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሮጠው ክር፣ ነው። እኛ ከውጭ «ፒአይዲ» የምንለው ከውስጥ ቲጂአይዲ ይባላል። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም መሣሪያውን በረዳት ትሬድ ከፈተ እንበል፤ ትሬዱ ሥራውን ጨርሶ ወጣ፣ ፕሮግራሙ ግን አለ፣ እየሠራም ነው። ታይመሩ ይመጣል፣ ቁጥሩን ያጣዋል፣ ባፈሩን ከሥሩ ይስበዋል። በሕይወት ያለ ሰው ንብረት ተወረሰ ማለት ነው።

«ሪሊዝ አንዳንዴ አይጠራም»

አሁን ወደ ቋጠሮው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ፕሮግራሙን ገደልኩት፣ ሪሊዝ ውስጥ ያስገባሁት መልእክት ግን አልታተመም፤ ስለዚህ ሪሊዝ አስተማማኝ አይደለም። ያዩትን አይተዋል፣ አልጠራጠርም። የደረሱበት ድምዳሜ ነው የተሳሳተው።

ፕሮግራም ኦፕን ሲል ከርነሉ አንድ ስትራክት ፋይል ይሠራል። ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ቁጥር፣ ማለትም ፋይል ዲስክሪፕተሩ፣ ወደዚያ የሚያመለክት ጣት ነው። ጣቱ ሊበዛ ይችላል፣ ስትራክት ፋይሉ ግን አንድ ነው፣ የራሱ የሪፈረንስ ቆጠራም አለው። ሪሊዝ የሚጠራው ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ክሎዝ በተባለ ቁጥር አይደለም። ፕሮሰስ በሞተ ቁጥርም አይደለም። የሞተው ሰው ጣቱን ያነሣል፤ ሌላ ጣት ከቀረ ፋይሉ ክፍት ነው።

ታዲያ ሌላው ጣት የማን ነው? ብዙ ነው መልሱ። ፎርክ ሲደረግ፣ ማለትም ፕሮሰሱ ራሱን ሲያባዛ፣ ልጁ የአባቱን ዲስክሪፕተሮች በሙሉ ይወርሳል። ዲስክሪፕተሩን የሚያባዛው ዱፕም ያው ነው። ዲስክሪፕተር በዩኒክስ ሶኬት ለሌላ ፕሮሰስ ተላልፎ ሊሰጥ ይችላል፤ ተቀባዩ ገና ሳያነሣው መንገድ ላይ እያለ እንኳ ፋይሉን ይዞታል። ኤምማፕ ከተደረገ፣ ማለትም ፋይሉ በፕሮግራሙ ሜሞሪ ላይ ከተዘረጋ፣ የሜሞሪው ክልል ራሱ ፋይሉን ይይዛል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ክሎዝ ቢልም ኤምአንማፕ እስኪያደርግ (ዝርጋታውን እስኪፈታ) ወይም እስኪሞት ሪሊዝ አይመጣም። አንዱ ትሬድ ሪድ ላይ ተኝቶ ሌላው ትሬድ ክሎዝ ቢል የተኛው አይነቃም፣ ፋይሉንም አይለቅም። አይኦ ዩሪንግ በሚባለው የንባብና የጽሕፈት ወረፋ ቀለበት ላይ የተመዘገበ ፋይል ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ የሚፈርሰው በከርነል ሠራተኛ በኩል ስለሆነ ፕሮሰሱ ከጠፋ በኋላ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ፕሮግራሙ ወድቆ ኮር ደምፕ (የሜሞሪው ቅጂ) እየተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፋይሎቹ የሚዘጉት ደምፑ ሲያልቅ ነው፤ ብዙ ጊጋባይት ሜሞሪ የያዘ ፕሮግራም ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።

እኔን ያቃጠለኝ የመጀመሪያው፣ ፎርኩ፣ ነው። አንድ የዳታ መሰብሰቢያ ካርድ ድራይቨር ጽፌ ነበር። በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ እንዲከፍተው አድርጌ። ዋናው ፕሮግራም አልፎ አልፎ ይገደላል፣ ጠባቂው እንደገና ያስነሣዋል፣ ከዚያ ኦፕን ሲል «መሣሪያው ተይዟል» ይባላል። ማን ያዘው? የያዘው እኮ ሞቷል! ሁለት ቀን ሙሉ ሪሊዝን ስረግም ከረምኩ። ሎክ ጨመርኩ፣ ሎክ አነሣሁ፣ ይባስ ብዬ ልክ እንደ ጸሐፊው የፒአይዲ መከታተያ ጀመርኩ። በመጨረሻ የትኛውን ፋይል ማን እንደያዘ የሚያሳየውን ኤልኤስኦኤፍ ስል ምን አየሁ? ዋናው ፕሮግራም የሎግ ፋይሎችን የሚያጨምቅ ስክሪፕት ያስነሣ ነበር፤ ስክሪፕቱ የመሣሪያውን ዲስክሪፕተር ሳያውቀው ወርሶ፣ አባቱ ከሞተ በኋላም በሰላም ሥራውን ይሠራል። መፍትሔው ኦፕን ላይ ኦ ክሎኤክስኤክ የምትባለዋን፣ ሌላ ፕሮግራም ሲነሣ ዲስክሪፕተሩን የምትዘጋውን ምልክት መጨመር ሆነ። አንዲት ቃል! ድራይቨሩ ምንም አልበደለም ነበር።

ስለዚህ ሪሊዝ ሲዘገይባችሁ የምትጠይቁት «ለምን አልተጠራም?» ብላችሁ ሳይሆን «ማን ይዞታል?» ብላችሁ ነው። የፕሮሰሶች መረጃ በሚገኝበት በፕሮክ ውስጥ የየፕሮሰሱ ኤፍዲ (የዲስክሪፕተሮች) ማውጫ አለ፣ እዚያ እዩ። እዚያ ካጣችሁት ማፕስ የሚለውን ፋይል እዩ፤ ኤምማፕ የያዘው በኤፍዲ ውስጥ አይታይም።

ጸሐፊው በምትኩ የመረጡት ፍላሽስ? (ኪስ ውስጥ የሚገባውን ማለቴ አይደለም።) ፍላሽ በእያንዳንዱ ክሎዝ ይጠራል፣ የማንም ጣት ይሁን። እስቲ አስቡት፦ ፕሮግራሙ ፎርክ አደረገ፣ ልጁ እንደ ጨዋ ልጅ የማያስፈልገውን ዲስክሪፕተር ዘጋ። ፍላሽ ተጠራ። ሞጁሉ ባፈሩን ለቀቀ። አባትየው ግን እየጻፈበት ነው። ሪሊዝ ዘገየ ብሎ ያማረረ ሰው አሁን ከመዘግየት ወደ ሜሞሪ መበላሸት ተሸጋገረ። ፍላሽ የተሠራለት ዓላማ ሌላ ነው፦ ክሎዝ ስህተት ለፕሮግራሙ መመለስ ከፈለገ መንገዱ እሱ ነው። ኤንኤፍኤስ (የኔትወርክ ፋይል ሲስተም) ያልተጻፈ ዳታ ካለው እዚያ ይጽፍና አልሆነም ካለ እዚያ ይናገራል። ሪሊዝ የሚመልሰውን ቁጥር ግን ማንም አይሰማውም፤ ስህተት ብትመልሱም ፋይሉ ይዘጋል።

እሺ፣ ሪሊዝ ውስጥ ገባን እንበል። እዚህም ጽሑፉ ያልነካቸው ነገሮች አሉ።

ከረንትን አትመኑ። ሪሊዝን የሚጠራው የመጨረሻውን ጣት ያነሣው ነው፤ እሱ ደግሞ የከፈተው ላይሆን ይችላል። ልጁ፣ ተቀባዩ፣ ወይም የከርነል ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ራሱ ቢሆንም እንኳ እየሞተ ከሆነ ዱ ኤግዚት ሜሞሪውን ከፋይሎቹ በፊት ነው የሚለቀው፤ ሪሊዝ ሲሮጥ የተጠቃሚ አድራሻ የሚባል ነገር የለም። «የመጨረሻውን ውጤት ለተጠቃሚው ልጻፍለት» ብላችሁ ኮፒ ቱ ዩዘር ብትሉ የምትጽፉለት የለም። የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ኦፕን ላይ የስትራክት ፋይሉ ፕራይቬት ዳታ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሪሊዝ ላይ ከዚያው አንሡት። ደግሞ ኦፕን ራሱ ስህተት ከመለሰ ሪሊዝ አይጠራም፤ ግማሽ መንገድ የያዛችሁትን እዚያው ኦፕን ውስጥ መልሱ።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ሃርድዌሩን አስቁሙ፣ ዲኤምኤው ይቁም። ከዚያ እየሮጠ ያለ ኢንተራፕት ሃንድለር (ሃርድዌሩ ሲጣራ የሚነሣው ኮድ) ካለ እስኪጨርስ ጠብቁ። ከዚያ ታይመሩን፣ ከዚያ ወረፋ ላይ ያለውን ሥራ። ሁለቱም ላይ መጨረሻው ሲንክ የሚለውን ፋንክሽን ተጠቀሙ፤ ሌላው «ከወረፋ አውጣልኝ» ብቻ ነው የሚለው፣ በሌላ ሲፒዩ ላይ በመሮጥ ላይ ያለውን አይጠብቅም። ታይመሩ ሥራውን የሚያስነሣ፣ ሥራው ደግሞ ታይመሩን መልሶ የሚያስነሣ ከሆነ አንዱን ብታቆሙ ሌላው ያስነሣዋል፤ ለዚህ ከከርነል 6.2 ጀምሮ ታይመር ሻትዳውን ሲንክ የሚባል አለ፣ ታይመሩ ዳግም እንዳይነሣ አድርጎ ይዘጋዋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የተቆለፉ ገጾችን የምትፈቱት፣ ሜሞሪውን የምትለቁት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ ሜሞሪ መልቀቂያውን ኬፍሪን ቀድሞ የጠራ ሰው ውጤቱን የሚያየው ሌላ ቦታ ላይ፣ ሌላ ቀን፣ ሌላ ድራይቨር ሲወድቅ ነው።

ሪሊዝ ውስጥ መተኛት ይቻላል። ገደብ የሌለው እንቅልፍ ግን አይሁን። ሃርድዌሩ መልስ ካልሰጠ ፕሮሰሱ እየሞተ ሳለ ተሰንጎ ይቀራል፤ ዳግም አይገደልም፣ አንዴ ሞቷላ። የጊዜ ገደብ ስጡት።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የከርነሉ ታላላቅ ክፍሎች የሚሠሩት እንዲሁ ነው። የግራፊክስ ካርድ የሚያስተዳድረው ዲአርኤም የእያንዳንዱን ደንበኛ ሃንድሎች ከተከፈተው ፋይል ጋር ያስራቸዋል፣ ፋይሉ ሲለቀቅ ይለቀቃሉ። ኪቦርድና ማውስን ለፕሮግራሞች የሚያቀርበው ኢቭዴቭ ላይ አንድ ፕሮግራም ኪቦርዱን ለብቻው ይዞት ቢሞት ሪሊዝ ያስፈታዋል፤ ባይሆን ኖሮ አንድ ክራሽ ባደረገ ቁጥር ያለኪቦርድ ቀርተን ነበር። የአንድሮይድ ፕሮሰሶች የሚነጋገሩበት ባይንደርም የሞተውን ሰው ጽዳት የሚጀምረው ከሪሊዝ ነው፣ ለሌሎቹም «እገሌ ሞቷል» የሚል ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። አንዳቸውም ፒአይዲ በታይመር እየቆጠሩ አይዞሩም።

«ዴቭኤም ይገላግላል»

ዴቭኤም ጥሩ ነገር ነው፣ ከ2007 ከርነል 2.6.21 ጀምሮ አለ፣ እኔም ፕሮብ (ድራይቨሩ ከመሣሪያው ጋር ሲገናኝ የሚሮጠው ፋንክሽን) ውስጥ ሁልጊዜ እጠቀምበታለሁ። ግን የሚታሰረው ከመሣሪያው ጋር ነው። ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲላቀቅ ይለቃል፤ ፕሮግራም መጣ ሄደ ግድ የለውም። ኦፕን ውስጥ በዴቭኤም ሜሞሪ ከወሰዳችሁ፣ በተከፈተ ቁጥር እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሌላው ጎኑ ደግሞ የባሰ ነው፤ መሣሪያው ፋይሉ ክፍት ሳለ ከተነቀለ ዴቭኤም ሜሞሪውን ይለቀዋል፣ ፕራይቬት ዳታ ግን አሁንም ወደዚያው ያመለክታል። ደንበኛ በደንበኛ የሆነውን ለፋይሉ፣ የጋራ የሆነውን በኬሬፍ (በሪፈረንስ ቆጣሪ) ለሚቆጠር ስትራክቸር ስጡት፣ የመጨረሻው የወጣው መብራቱን ያጥፋ።

አንድ ነገር ለጸሐፊው ልመርቅላቸው፣ እሳቸውም እኔም ያለፍነው። ሁሉም ነገር ፕሮግራሙ ሲሞት መጽዳት አለበት የሚል ሕግ የለም። ዋችዶግን ተመልከቱ። ማሽኑ ከተሰነገ ሪቡት የሚያደርገው መሣሪያ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ከፍቶት በየጊዜው «አለሁ» ይለዋል። ፕሮግራሙ ሲሞት ድራይቨሩ በሪሊዝ ታይመሩን ቢያጠፋው ምን ዋጋ አለው? የተሠራው እኮ ለዚያች ቀን ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ የዋችዶግ ድራይቨሮች ታይመሩን የሚያቆሙት ፕሮግራሙ ከመዝጋቱ በፊት ቪ የምትባለዋን የላቲን ፊደል ከጻፈ ብቻ ነው። ሳይጽፍ ከሄደ፣ ማለትም ከሞተ፣ ቆጠራው ይቀጥላል። ልብ በሉ፣ ይሄም ውሳኔ የሚሰጠው ሪሊዝ ውስጥ ነው።

ጽሑፉ ያስቀመጠው ፈተና ኮንትሮል ሲ ተጭኖ ሎግ ማየት ብቻ ነው። እኔ ኬሜምሊክና ኬሳን (ሳይለቀቅ የቀረ ሜሞሪንና ከተለቀቀ በኋላ የተነካ ሜሞሪን የሚያጋልጡ መመርመሪያዎች) የበሩበት ከርነል ላይ ነው የምሞክረው። አንደኛው ዙር፣ በሉፕ ውስጥ ክፈት፣ ሥራ ጀምር፣ በሲግኪል ግደል። ሁለተኛው፣ ኤምማፕ አድርግ፣ ክሎዝ በል፣ ከዚያ በሜሞሪው መጻፍ ቀጥል። ሦስተኛው፣ ፎርክ አድርግ፣ አባትን ግደል፣ ልጁ በዚያው ዲስክሪፕተር ያንብብ። የጸሐፊውን ናሙና ኦውነሩን ሞልቼ በዚህ አሳለፍኩት። የመጀመሪያውን በታይመሩ እርዳታ እየተንገዳገደ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ገና ክሎዝ ሲባል ፍላሹ ባፈሩን ለቀቀና ኬሳን ጮኸ። ፍላሹን አውጥቼ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ፤ ታይመሩ አባትየው መሞቱን አየና የልጁን ባፈር ለቀቀ፣ ልጁ ሪድ አለ፣ ኬሳን እንደገና ጮኸ። ታይመሩንም አውጥቼ ያንኑ የመልቀቂያ ኮድ ሪሊዝ ውስጥ አስገባሁት። ወደ ዘጠና መስመር ጠፋ፣ አሥር መስመር ቀረ፣ ሦስቱም ዙር ዝም አሉ።